አያ ዋኘው ያልቆረጡት ትኬት

አያ ዋኘው ለሽምግልና ሲቀመጡ ስልካቸውን የማጥፋት ልማድ አልነበራቸውም። የሚደውልላቸው ሰው ጥቂት ነው፤ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጃቸው የወርቅውሃና አልፎ አልፎ ደግሞ ከግምጃ ቤት ከተማ ወንድማቸው። ስለዚህ በዚያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጥርባ መንደር ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ምህረቴንና ሚስቱን ማናለብሽን ሊያስታርቁ ሲሰየሙ ባለ ቁልፏን ስልክ እንደ ሁልጊዜው ከጎናቸው፣ ከቀርከሃው አግዳሚ ላይ አኖሯት።

ጠቡ ብዙ ምርመራ የሚሻ አልነበረም። ምህረቴ በስልኩ በኳስ ጨዋታ ይወራረዳል። መጀመሪያ ከኪሱ በሚተርፈው ነበር፤ ቀጥሎ የድንቹ ሽያጭ ገባበት፤ በመጨረሻ ማናለብሽ ለፋሲካ ያደለበችውን በግ ጥሊሊ ገበያ ወስዶ ሸጠና ብሩ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀልጦ ቀረ። ማናለብሽ ጓዟን ሸክፋ ወደ ወላጆቿ ልትሄድ ስትል ነው ሽማግሌ የገባው።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ምህረቴ። «እንደ ድሮው በየጓሮው ተደብቄ ካርታ አልተጫወትሁ። ቤቶቹ ፈቃድ አላቸው፤ ግብር ይከፍላሉ። ሕግ የፈቀደውን ነው የሠራሁ።»

«ጠላንም ሕግ ፈቅዶታል» አሉ አያ ዋኘው። «ጠጣ ስለተባልህ ጋኑን ጨልጥ ተባልህ? ሕጉ በሩን ከፈተልህ እንጂ እጅህን ይዞ አላስገባህም። በግ እየጎተትህ የገባኸው አንተ ነህ።»

ማናለብሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ምህረቴ አንገቱን ደፋ። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ጎረቤታቸው አድማሴ፣ «ደግ ብለዋል» አለ። ካሳው ተቆርጦ ወደ እርቁ ሊገቡ ነበር።

ይኼን ጊዜ ስልኳ ጮኸች።

የጥሪ ድምፅ አልነበረም፤ መልዕክት ነው። የአያ ዋኘው ዓይን ደቃቅ ፊደል ስለማይለይ ስልኳን ለአድማሴ አቀበሉት። አድማሴ ደግሞ ጮክ ብሎ ካልሆነ ማንበብ የማይሆንለት ሰው ነው።

«ክቡር ደንበኛችን አቶ ዋኘው!» ብሎ ጀመረ። «እንኳን ደስ ያለዎት! ስምንት ጨዋታዎችን የገመቱበት ትኬት ሙሉ በሙሉ አሸንፏል። መታወቂያዎን ይዘው እንጅባራ ወደሚገኘው የውርርድ ቤታችን በአካል በመምጣት ገንዘብዎን…»

እዚህ ላይ ድምፁ ሰለለ። 

ምህረቴ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ፌዝ አልነበረም፤ አድናቆት ነበር።

«ስምንት?» አለ። «ስምንቱንም?»

ማናለብሽ አያ ዋኘውን ትክ ብላ አየቻቸው። «አያ፣ እርስዎም?»

«የኔ አይደለም!» አሉ አያ ዋኘው። «ተሳስተው ነው የላኩት።»

«ስምዎን ጠርተው?» አለ አድማሴ።

«ስሜን ጠርተውም ይሳሳታሉ!»

አድማሴ እንደገና አነበበው። ቅድም የዘለለው የአባታቸውም ስም አለበት። ሽምግልናው ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ወሬው ጥርባን አዳረሰው።

በማግሥቱ ጠዋት አያ ዋኘው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። መንገዱ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ደስታውን ገለጸላቸው። አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ቆርቆሮ እንደሚቀረው በዘዴ አስታወሳቸው። የባጃጁ ሹፌርም «እንኳን ደስ ያለዎት!» አለና ከወትሮው ዋጋ ጨመረባቸው። አያ ዋኘው ለሁሉም «ስሕተት ነው» እያሉ አለፉ፤ ሰዉ ግን «እሺ እሺ» እያለ ይጠቅሳቸው ነበር። እንዲህ ያለው ጥቅሻ ያማል። ሰባ ዓመት ሲኖሩ በሐሰት አንድም ቀን ስማቸው ተነስቶ አያውቅም፤ ሰው ድንበር ቢጋፋ፣ ባል ከሚስት ቢጣላ፣ «ዋኘው ይናገር» የሚባለው በዚያ ምክንያት ነው።

የውርርድ ቤቱን መናኸሪያው አጠገብ አገኙት። ግድግዳው ላይ በመስታወት ፍሬም የገባ ፈቃድ ተሰቅሏል፤ በሩ ላይ ደግሞ በትልልቅ ቀይ ፊደል «ከ21 ዓመት በታች መግባት በሕግ የተከለከለ ነው» ይላል። ውስጥ ጥቂት ወንዶች ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው ተቀምጠዋል።

ከመክፈያው መስኮት ኋላ የነበረው ወጣት ዮናዳብ ይባላል። የዳንግላ ልጅ ነው፤ እሑድ እሑድ በወንጌል አማኞች ጉባኤ ውስጥ የድምፅ መሣሪያ ላይ የሚቀመጥ። የጉባኤው ሰዎች ይህን ሥራውን አይወዱለትም። እሱም ሁልጊዜ የሚመልስላቸው አንድ ነገር ነው፤ «ሌላው እንዴት እንደሚሠራው አላውቅም፤ እኔ ግን ደንቡን አልጥስም።»

ሽማግሌው ሲገቡ አያቸውና ፈገግ አለ። «አባቴ፣ በሩ ላይ ለተጻፈው አይስጉ፤ እርስዎ ያልፋሉ።»

«ዋኘው እባላለሁ» አሉ።

ዮናዳብ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «እርስዎ ነዎት?» ወደ ተቀመጡት ሰዎች ዞረና «ኧረ እናንተ! ስምንቱን የገመቱት ሰውዬ መጡ!» አለ። ወንዶቹ ቴሌቪዥኑን ትተው ከበቧቸው። አንዱ እጃቸውን ሳመ።

«ለመሆኑ እንዴት አወቁት?» አለ ዮናዳብ። «ሌላውስ ይሁን። ደረጃው ግርጌ ያለው ቡድን መሪውን ያሸንፋል ብሎ ብሩን ያስያዘ እዚህ ቤት ከእርስዎ በቀር የለም። መሪዎቹ እኮ ዘንድሮ ተሸንፈው አያውቁም!»

አያ ዋኘው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና መልሰው ዘጉት። ባለፈው ጊዜ የወርቅውሃ ለእረፍት መጥታ ድንች ስትለቅም ከጎናቸው ቆማ፣ «አባባ፣ ያ መሪው ቡድን አሁን ይወድቃል፤ ግራ ተከላካያቸው ተጎድቷል» ብላቸው ነበር። እሳቸውም «እግዜር ይማረው» ብለው ነበር። በዚያው ቀን መታወቂያቸውን «ለአንድ ምዝገባ ነው» ብላ ተቀብላቸዋለች፤ ስልካቸው ላይ የመጣውንም የማረጋገጫ ቁጥር አንብባ ወስዳለች። የወርቅውሃ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ሰው በሌላ ሰው ስም ቢወራረድስ?»

ዮናዳብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትኬቱ ይሰረዛል። ያስያዘው ብር ይመለስለታል፤ ያሸነፈው ግን አይከፈልም። ዕድሜው ያልደረሰ ከሆነም እስኪደርስ ይታገዳል።»

«ከዚያ ሌላ ቅጣት?»

«እንደኛ ቤት ይኸው ነው።» ወጣቱ ለአፍታ አያቸው። «አባቴ፣ እርስዎ መጥተዋል። መታወቂያውም ስልኩም የእርስዎ ነው። የኔ ነው ካሉኝ እኔ ሌላ የምጠይቀው የለም። ልብ አልመረምርም።»

ከዚያም የሚደርሳቸውን አሳያቸው። አያ ዋኘው ቁጥሩን አይተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንድ ጥማድ በሬ ይገዛል፤ ከዚያ ተርፎ የጎተራቸውን ክዳን ያድሳል፤ ለአጥሩ ቆርቆሮም ያልፋል። «የኔ ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። ዱላቸው ላይ ተደግፈው ጥቂት ቆዩ፤ ሰዎቹም ደስታ ያደነዘዛቸው መስሏቸው ውሃ አመጡላቸው። ውሃውን ጠጥተው ተነሡ።

«እመለሳለሁ» አሉ።

የወርቅውሃን ያገኟት ሜዳ ላይ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ልምምድ ላይ ነበር። አያ ዋኘው የልጅ ልጃቸው ኳስ እንደምትጫወት ያውቃሉ እንጂ ስትጫወት አይተዋት አያውቁም። ሊጠሯት እጃቸውን አነሡና መልሰው አወረዱት። የወርቅውሃ መሐል ሜዳ ላይ ቆማ በእጇ ትጠቁማለች፤ «አንቺ ወደኋላ! አንቺ ክንፉን ያዢ!» ስትል ሴቶቹ ሁሉ እንዳለችው ይሆናሉ። እቤት ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ ናት። ሽማግሌው ከሜዳው ዳር እንደቆሙ ሳቅ መጣባቸው፤ ለምን እንደመጡ ሊዘነጉ ትንሽ ቀራቸው።

ስታያቸው ኳሱን ትታ ሮጠች። ጉልበታቸውን ሳመች። ከሌሎቹ ራቅ ብለው ሣሩ ላይ ተቀመጡና በአዊኛ አወሩ፤ የቤታቸውን ነገር የሚያወሩት በአዊኛ ነው።

«መታወቂያዬን ለምን ነበር የወሰድሽው?»

የወርቅውሃ አልካደችም። «አብረውኝ የሚማሩ ወንዶች፣ ሴት ኳስ ትመታለች እንጂ ጨዋታ ማንበብ አትችልም አሉኝ። እችላለሁ አልኋቸው። የምሳዬን ብር ነው ያስያዝሁት፤ በኔ ስም ዕድሜዬ አልደረሰም ብሎ ስልኩ እምቢ አለኝ። አንድ ጊዜ ላሳያቸው ብዬ ነው እንጂ አልቀጥልበትም ነበር አባባ።»

«ምህረቴም አንድ ጊዜ ብሎ ነው የጀመረው።»

«የቱ ምህረቴ?»

«በጓን የሸጠባትን ሚስቱን ሳስታርቅ ነበር መልዕክትሽ የደረሰኝ። አድማሴ ጮክ ብሎ አነበበው።»

የወርቅውሃ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያ ዋኘው የምታለቅስ መስሏቸው እጃቸውን ጫኑባት፤ ቀና ስትል ግን እንባም ሳቅም ነበረባት። «አድማሴ?» አለች። «በዚያ ድምፁ?»

«በዚያ ድምፁ።»

አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ አያ ዋኘው ሣር እየነጩ፣ «አልዋሽሽም» አሉ። «ብሩን አይቼው መጣሁ። ልቤ ሄዶ ነበር። የኔ ነው ብል ማንም አይጠይቀኝም።»

«እርስዎ እንደዚያ አይሉም» አለች የወርቅውሃ። ታኬታዋን ፈትታ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። «እኔ ሄጄ እናገራለሁ።»

ውርርድ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ የወርቅውሃ በሩ ላይ የተጻፈውን አየችና ቆመች። «እኔ መግባት አልችልም» አለች። አያ ዋኘው ገብተው ዮናዳብን ጠሩት። እሱ ሲወጣ የቤቱ ሰዎችም ተከትለው ወጡ፤ ነገሩ ሁሉ ያለቀው መንገድ ዳር ቆመው ነው።

«ትኬቱን የቆረጥሁት እኔ ነኝ» አለች። «አያቴ አያውቁም። መታወቂያቸውን አታልዬ ነው የወሰድሁ።»

ከኋላ የቆሙት ወንዶች የራሳቸው ብር የጠፋ ያህል አጉረመረሙ። «ምናለ ዝም ብትይ!» አለ አንዱ። «ሽማግሌው ወስደው አይሰጡሽም ነበር?»

ዮናዳብ ስልኩን አውጥቶ ባሕር ዳር ያለ አለቃውን አናገረ። የአለቃው ድምፅ ከስልኩ አምልጦ ይሰማ ነበር፤ «መታወቂያው የሰውዬው ነው አይደል? ይፈርሙ! ፎቶ አንሣቸውና ለጥፍ፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በስንት ጊዜ ይገኛል?»

«የትኬቱ ባለቤት ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ ዕድሜዋም አልደረሰም» አለ ዮናዳብ። «ይህን ሰምቼ ከከፈልሁ ግድግዳው ላይ ያለው ፈቃድ ምን ያደርጋል?» ወዲያ ያለው ሰው የሆነ ነገር ተነጫንጮ «በደንቡ ጨርሰው» ሲል ተሰማ።

በደንቡ ተጨረሰ። ትኬቱ ተሰረዘ፤ የምሳዋ ብር ተመለሰላት፤ አያ ዋኘው ከደንበኝነት ተፋቁ። እሷም ዕድሜዋ እስኪሞላ ታገደች።

ነገሩ ካበቃ በኋላ ዮናዳብ ወደ ሥራው መመለስ አልሆነለትም። «ግን በናትሽ ንገሪኝ፤ ያን ጨዋታ እንዴት አወቅሽው?» አለ።

የወርቅውሃ አያቷን አየቻቸው። እሳቸውም «ንገሪው» አሉ። ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች፤ የወዳደቁ የጠርሙስ ክዳኖች ለቅማ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደረደረቻቸው። «ይኼ የተጎዳው ግራ ተከላካይ ነው። በእሱ ፈንታ የሚገባው ሽማግሌ ነው፤ መሮጥ አይችልም። አሠልጣኙ ይህን ስለሚያውቅ አማካዩን ለእርዳታ ወደዚህ ይስበዋል። ያኔ መሐሉ ይከፈታል። ታችኞቹ ደግሞ ምንም የላቸውም፣ አንድ ፈጣን ልጅ ብቻ አላቸው፤ የሚሮጠውም በዚህ በኩል ነው…» ክዳኑን በጣቷ ገፋችው። የቆሙት ሁሉ አጎነበሱ። ቅድም «ምናለ ዝም ብትይ» ያላት ሰው፣ «እኔ እኮ አይቼዋለሁ! ልክ እንደዚህ ነው የገባው!» ብሎ ጮኸ።

አያ ዋኘው ከኳሱ የገባቸው ጥቂት ነው። ልጅቷ ግን የደከመው የት እንዳለ፣ ማን ድካሙን እንደሚሸፍንለት፣ ሸፋኙ ሲሄድ ምን እንደሚጎድል ስታወጣ ስታወርድ ሲሰሙ፣ እሳቸው ሁለት ባላጋራ ፊታቸው ሲቆም የሚያስቡት እንደዚሁ መሆኑን አወቁ። «ይቺስ የኔ ናት» አሉ በልባቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ የከበዳቸው ነገር ለቀቃቸው።

ከመሄዳቸው በፊት ዮናዳብን ጠጋ ብለው ሌላ ነገር ጠየቁት። «መተው እየፈለገ ያቃተው ሰው ቢኖርስ? ለሱም ደንብ አላችሁ?»

«አለን። ራሱ መጥቶ አግዱኝ ካለ እዚህም ስልኩም ላይ ይዘጋበታል። ቢለምንም ቶሎ አንከፍትለትም። ግን ራሱ መምጣት አለበት፤ ሌላ ሰው ሊያሳግደው አይችልም።»

በተቀጠረው እሑድ በረንዳው ሞላ፤ ከተጣሉት ይልቅ ወሬውን ሊሰማ የመጣው ይበልጥ ነበር። አያ ዋኘው ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ የልጅ ልጃቸውን ጥፋትም፣ የራሳቸውን ልብ መሄድም። ምህረቴ አላመነም።

«ብሩን ትተውት መጡ?»

«ትቼው መጣሁ።»

«ሙሉውን? አንድም ሳይሰጧችሁ?»

«የምሳዋን መለሱላት።»

ምህረቴም «እርስዎ ያሸነፈ ትኬት ጥለው ከመጡ፣ እኔ የተሸነፈውን መጣል ያቅተኛል?» አለ። ስለሚያሳግደው ደንብ ሲሰማም «እሄዳለሁ» አለ፤ ማናለብሽም «አብሬህ ነኝ» አለች። በማግሥቱ አብረው ሄደው ራሱን አሳገደ።

በአንድ ጊዜ አልዳነም። ቅዳሜ ሲመጣ እግሩ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ማናለብሽም ይህን ስላወቀች ቅዳሜ ቅዳሜ የቀርከሃ አጥሩን ታሳጥረው ጀመር። አጥሩ አለቀ፤ የጎረቤትም ታጠረ። በሰኔ አንዲት እርጉዝ በግ ገዝቶ ገባ። ማናለብሽ ለእቴጌ የሚሆን ስም አወጣችላት፤ ማንም እንዳይሸጣት ብላ።

የወርቅውሃ ቡድን ዳንግላ ላይ ግጥሚያ ነበረው። አያ ዋኘው «እሄዳለሁ» ሲሉ አድማሴ ብቻቸውን አልላካቸውም፤ ምህረቴና ማናለብሽም ተጨመሩ። ዮናዳብ የሀገሩ ልጅ ስለሆነ ቀድሟቸው ሄዶ፣ የጉባኤውን ድምፅ ማጉያ አስፈቅዶ ሜዳው ላይ ተክሎ ጠበቃቸው። አያ ዋኘውን ከፊት አስቀመጧቸው።

በመጀመሪያው አጋማሽ ዝም ብለው አዩ። በሁለተኛው ግን የወርቅውሃ ያሻገረችው ኳስ ጎል ሆኖ መስመር ዳኛው ባንዲራውን ሲያነሣ፣ አያ ዋኘው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ምን ሆነ?» አሉ።

«ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ ነው» አለ ምህረቴ።

«ይኼ ሰው ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ እንዴት ይፈርዳል?»

«አያ፣ ኳስ ላይ አይሰማም።»

«እንግዲያ ምኑን ዳኛ ሆነ!» አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለመስመር ዳኛው እንዲሁ ነገሩት። ሰውዬው ዞሮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው፤ ባንዲራውን ግን አላወረደም። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ፤ የወርቅውሃም መሐል ሜዳ ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አንድ ለአንድ ወጡ። ሲመለሱ ዝናብ ስለያዛቸው ሚኒባሱ ቀስ እያለ ይሄዳል። አድማሴና ምህረቴ ከኋላ ወንበር ሆነው ጎሉ ይጸድቅ ነበር አይጸድቅም እያሉ ይከራከራሉ፤ ማናለብሽም ከሁለቱ ይልቅ አጥርታ አይታው ነበርና «ተሳስታችኋል» እያለች መሐል ትገባለች። የወርቅውሃ ከነጭቃዋ አያቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። አያ ዋኘው ጋቢያቸውን አልብሰዋት፣ ክርክሩን በጆሯቸው እየተከታተሉ፣ ቀጣዩ ግጥሚያ መቼ እንደሆነ ሹፌሩን ጠየቁት። ሹፌሩ አላወቀም። «አጣርተህ ንገረኝ» አሉት፤ «ቦታ ያዝልኝ፤ ከፊት።»